ሦስት ቁጥር

ሰኔ እኩሌታ ነው፤ ሰሜን ኬረላ ላይ
ዝናቡ አባርቶ ሳሳ ብሏል ሰማይ።
ግንባራችን መብራት፣ እግራችን ቦት ጫማ፣
ሦስት ሆነን ወጣን ከትንሿ ከተማ፦
እኔ ከነፎርሜ፣ ሻይላጃ ከሰዓቷ፣
ቴርሞሜትሩ እንደ ማተብ ተንጠልጥሎ ካንገቷ፤
ኩንጃምቡ ከፊት፣ ዱላ ተመርኩዞ፣
ዕድሜ ልክ የፈለጠው ድንጋይ እጁን አደንዝዞ።

ጉብታውን የገዛው ድርጅት ሳይቆፍር፣
መቶ አርባ ቪላ ካናቱ ሳይደረድር፣
ማን እንዳለ ማወቅ፣ ማን እንዳለ መቁጠር፤
ሥራችን ይኸው ነው። በአምስት ቦታ ቆሞ
አምስት ደቂቃ መስማት፣ ጆሮን አስቀድሞ።

የፎርሙ ሕግ አጭር ነው። ካልጮኹ፣ ዜሮ።
ለየብቻ ከጮኹ፣ አንድ፤ ይጻፋል ተቆጥሮ።
ድምፅ ድምፅን ከረገጠ፣ ሁለት።
ሦስት ማለት ግን
ጀማሪው ከጨራሹ የማይለይበት፣
ቆጣሪ ጣቱን አጥፎ የሚተውበት፣
ምድር ራሷ አፍ ያወጣችበት።

መጀመሪያ የሩዝ ማሳ።
በሁለት ጎራ ተከፍለው፣ አንዱ ሲያወርድ አንዱ ሲያነሳ፣
ጻፍኩ «ሁለት»፣ አልቅቱን ከባቴ ሳላነሳ።

ቀጥሎ አሮጌው የድንጋይ ጉድጓድ።
«ትምህርት ቤቱ ከዚህ ወጣ» አለ ኩንጃምቡ፣
«የእናቴም ቤት፣ የወንድሜም፤» ከዘራው ጫፍ በግንቡ
ላይ የጥንት መጥረቢያውን ምልክት እየዳበሰ።
የቤቶቹ ሁሉ ባዶ ልክ እዚያ ነበር፣ ዝናብ ሞልቶት።
ከውሃው በላይ፣ ከቅጠል ሥር፣ አንዲት የዛፍ እንቁራሪት
እንደተመታ እንቁላል ነጭ አረፋዋን አንጠልጥላለች።
«አትንኩባት፤ ቤቷ ሲቀልጥ ነው ልጆቿ የሚወርዱት» አለን።
አንድ።

የመንገዱ ቦይ፣ ዜሮ። የናፍጣ ቀስተ ደመና።
አምስቱን ደቂቃ ሙሉ ሰማነው፤ ዝምታም ይጻፋልና።

የድርጅቱ ጽሕፈት ቤት፣ ከደጁ አምፖል ሥር፣
ሆዱ መሬት የነካ ጉርጥ፣ ኪንታሮታም፣ ባለ ክብር፣
ክንፋም ምስጡን አንድ ባንድ ያነሳል፤ አይቸኩልም።
ዘበኛው «ሥራ አስኪያጁ» ይለዋል።
አልጮኸም፤ ግን ጻፍኩት፣ ከኅዳጉ ላይ በእርሳስ።

አናቱ ላይ ስንደርስ መብራት አጠፋን።
ባለፈው ወር እግር የሚያቃጥል ቋጥኝ ነበር፤
ዛሬ ውሃ ተኝቶበታል፣ ጣት የማያሰጥም፣ ከዳር እስከ ዳር።
መጀመሪያ አንዱ፣ ማበጠሪያ በጥፍር እንደሚጫር፤
ከዚያ ጠጠር ከጠጠር፣ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ፣
ከዚያ... አላውቅም። ሻይላጃ ሰዓቷን ረሳች።
ድምፁ በጫማዬ ሶል ገብቶ በጥርሴ ወጣ።
ኩንጃምቡ የራሱን ጨርቅ ፈትቶ በእጁ ያዘ።
በጨለማ፣ በዳበሳ፣ ከሳጥኗ ውስጥ ጻፍኩ፦ 3።

ሰኞ፣ ስብሰባ። መስኮቱ ዝግ፣ ብርዱ የማሽን።
ኢንጂነር ቪናያን ዓምዱን በእስክሪብቶው ጫፍ ወረደና
«አናቱ ላይ ሦስት ብቻ?» አለ። «ሦስት እንቁራሪት
በባልዲ ይዛወራል፤ ባልዲውን እኔ እገዛለሁ።»
ተሳቀ። እኔም፣ አፈር በበላሁ፣ ፈገግ አልኩ።
ከዚያ አስረዳሁ። ራሱን ነቀነቀ። ገጹን ገለጠ።

ዝሆን ላክል ብላ ፈነዳች ይላል ተረቱ እንቁራሪትን።
የዚህ ጉብታዎቹ ማንንም ማከል አልተመኙም፤
ጣት የማያሰጥም ውሃ፣ ለጥቂት ሳምንት፣ ያቺው ናት ርስታቸው።
ሳጥኗን ደግሜ አየኋት፤ ጠባብ ናት፣
አንድ አኃዝ እንጂ ቃል አይገባባትም።

ያን ሌሊት ስንወርድ ኩንጃምቡ ጠይቆኝ ነበር፦
«ስንት ብለሽ ጻፍሽ?»
«ሦስት።»
እስከ ታችኛው እርከን ዝም አለ።
«እኔንም ቆጥረሽ?» አለኝ።