ሁለት ገጽ

በግሮኒንገን ሜዳ፣ ነፋስ በሚያፏጭበት ሌሊት፣
ፌና ሁለት ሰንጠረዥ ከፈተች፣ የያኔና ያሁን ልኬት፤
አንዱ ጋዙ ሳይቀዳ አባቷ በእግሩ የለካው፣
አንዱ ሳተላይት ትናንት ከሰማይ የላከው።

ነጥቦቹ አንገጥምም አሉ። ያንዱ መረብ ሰፊ፣ ያንዱ ጠባብ።
የጎደለውን በግምት ሞልታ፣
አንዱን ሰማያዊ፣ አንዱን ቡኒ ቀብታ፣
የታቹ እንዲታይ የላዩን አሳስታ፣
ባንድ ሣጥን አነባበረቻቸው።

ምንም የለም።
አንድ ክንድ የማይሞላ ስምጠት
በሠላሳ ኪሎሜትር ሜዳ ላይ ዓይን አይገባም።

የቁመቱን ዘንግ ሺህ ጊዜ ሳበችው፤
ሸለቆ አፉን ከፈተ።
«ውሸት ነው» አላት ኤልቶ፣ ከወንበሯ ኋላ ቆሞ፣
«እንዲህ ያለ ገደል በሜዳችን አላየሁም ፈጽሞ!»

ወደ ልኩ መለሰችው። ሁለቱ ገጾች ተጣበቁ፣
እንደ እርጥብ ደብተር ቅጠሎች ዝም ብለው ታረቁ።

ሽማግሌው ሊተኛ ሄደ።
የመኝታ ቤቱን በር ገፋው፤
አምና በመላጊያ የላገው በር
ዘንድሮም አልገጥምም አለ።
በጡቡ ስንጥቅ ነፋሱ ሲያፏጭ
እጁን መቃኑ ላይ አድርጎ ሰማ።

ተመለሰ። ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።
«እስቲ» አላት፣ «እንደገና ሳቢው።
ቤታችን የቱ ጋ ነው?»