መልስ አልተገኘም

ጦሳ ጉም ለብሷል። ቢሮ ገብቼም ጃኬቴን አላወለቅሁም።
ኮምፒውተሩ ላይ የትናንት ጥሪዎች ተደርድረዋል፤
በአጭር ቁጥሩ የደወሉ፣
ማሽኗ ጠይቃ፣ ሰምታ፣
ሳጥን በሳጥን የሞላችላቸው አዛውንት።

ሠላሳ አራተኛዋ፦ አንሻ እንድሪስ። ኮምቦልቻ። ሰባ ስምንት ዓመት።
መራመድ፦ አይ። ማየት፦ በጥቂቱ። መድኃኒት፦ አልቋል።
ብቻቸውን ይኖራሉ?፦ መልስ አልተገኘም።

ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ስማቸው ወደ ታች ይወርዳል።
ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፤
የምፈርምበት ግን እኔ ነኝ።

ድምፁን ከፈትኩት።

— ከድምፁ በኋላ ስምዎን ይናገሩ።

"እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ሰፈሩ ሰላም ነው?
ድምፅሽን በርዶታል፣ ደሴ ብርዱ እንዴት ነው?"

— ይቅርታ፣ አልገባኝም። ስምዎን ብቻ ይናገሩ።

"አንሻ ነኝ እኔማ፣ የእንድሪስ ዓሊ ልጅ፤
የማን ነሽ ደግሞ አንቺ? እስቲ ንገሪኝ እንጅ።"

— ተመዝግቧል። መራመድ ይችላሉ?

"ፈትል ቤት ሳለሁኝ ማሽን ነው የጣለኝ፤
ጆሮዬን የነሳኝ ዛሬ 'ልስማሽ' አለኝ።"

— አዎ ወይም አይ ይበሉ።

"አይ።"

— ብቻዎን ነው የሚኖሩት?

ዝም አሉ። ቆጠርኩት፣ አሥራ አንድ ሰከንድ።
ከኋላ የባጃጅ ጥሩምባ፣
የሆነ ልጅ ሳል።

— ብቻዎን ነው የሚኖሩት?

"ደብሬ አለች ማዶ፣ ማታ ግንቡን ትመታለች፤
ስመልስ ትተኛለች፣ ዝም ካልኩ ትመጣለች።
እሷን ከቆጠርሻት ብቻዬን አይደለሁ፤
ቀን ከጠየቅሽኝ ግን ምን እልሻለሁ?"

— ይቅርታ፣ አልገባኝም።

"አይዞሽ ልጄ፣ ለኔም አልገባኝም።
አላህ ዕድሜሽን ያር—"

እዚህ ላይ ተቋርጧል።
ማሽኗ ግማሽ ምርቃት ይዛ ቀረች።

አዎ ብዬ ብሞላው ስማቸው ይወጣል፣ ደብሬ ትሰረዛለች።
አይ ብለው ደብሬ ትኖራለች፣ ቀኑ ይሰረዛል።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ። ከዚያ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ሐረጎ ላይ ጆሮዬ ተደፈነ፤
ሚኒባሱ ቁልቁል ሲጠማዘዝ አንዲት ሴት ሎሚ ታሸታለች።
ኮምቦልቻ ስወርድ ጃኬቴን አወለቅሁ።

ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከመስመር ቤቶቹ ስድስተኛው በር።
አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፣
ስልኩ መሐረብ ውስጥ ተቋጥሮ።
"የደሴዋ ነሽ?" አሉኝ። "ዛሬስ ድምፅሽ ሞቋል።"
አይደለሁም ልል አልኩና ተውኩት።

ያባቴን ስም ጠየቁኝ፣ ያያቴንም፤
ከቅድመ አያቴ ላይ ስደርስ ጠፋኝ፤ ሳቁብኝ።
የመድኃኒቱን ስም ከባዶው ዕቃ ላይ ጻፍሁ።
ቅጹን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።

መሸ። የመጨረሻው መኪና ሳያመልጠኝ አይቀርም።

ግንቡ ተመታ፣ ሁለት ጊዜ።
እሳቸው ክንዳቸውን አነሱና መልሰው ጣሉት፤
"ዛሬ ከብዶኛል፣ አንቺ ምቺላት።"

መታሁ፣ ሁለት ጊዜ፣
ልክ እንደሳቸው መስሎኝ።

ከማዶ ጸጥ አለ።
ቀጥሎ በርጩማ ሲወድቅ፣
ባዶ እግር በችኮላ ሲራመድ፤
በሩ ሳይንኳኳ ተበረገደ፣
ደብሬ፣ እጇ የሳሙና አረፋ፣ ሻርፗ ግማሹ መሬት፦

"ማነው የመታው?"