አሻራ

እኔ ማሽን ያዥ ነኝ፤ ሥራዬ ይኸው ነው፤
በወር ሁለት ጊዜ እዚህ የምመጣው።
ከማሁዋው ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ፣
ያቺን ትንሽ ማሽን ከቦርሳ አውጥቼ፣
ቀይ ዓይኗን አብርቼ፣
ሽማግሌ አሮጊት በተራ ጠርቼ፣
"አውራ ጣት" እላለሁ።
"ጢጥ" ካለች፣ ጡረታ ቆጥሬ እሰጣለሁ።
ዝም ካለች ግን፣ "የሚቀጥለው" እላለሁ።

ባሃሙኒ ሄምብሮም ጎህ ሲቀድ ደረሰች፣
ከዳሞዳር ማዶ በእግሯ እየገሰገሰች፣
በሳሪዋ ጫፍ ላይ ካርዷን እንደቋጠረች።
ሦስት ወር ተመላልሳ፣ ማሽኗ አላወቀቻትም፤
ቀዩ ዓይን አይቷት፣ አይቷት፣ አላያትም።

"ጣትሽን ጥረጊ።" ጠረገች።
"በሳሙና እጠቢ።" አጠበች።
"ሎሚ እሺ፣ ዘይት ቀቢ።" አሸች፣ ቀባች።
"ጫን አድርጊ።" ጫነች። "ቀስ።" ቀስ አለች።
ማሽኗ ጭጭ አለች።

"የለሽም፣ እናቴ፤ ማሽኑ የለሽም ይላል፤
አሻራሽ ጠፍቷል።"
ሳቀች፣ በባዶ ድዷ። "አሻራ ደግሞ እንዴት ይጠፋል?
ፍየል ነው እንዴ ልጄ፣ ገመድ በጥሶ ይሄዳል?"

መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ፤ አየሁ።
ብዙ እጅ አይቻለሁ።
ይሄ ግን መስመሩ የተፋቀ ደብተር ነው፤
ፊደል የሚባል ነገር አልፎበት የማያውቀው።
ከሰባት ዓመቷ ጭቃ ስታላቁጥ፣
ከእሳት አፍ ላይ ትኩስ ጡብ ስትመነጥቅ፣ ስትገለብጥ፣
ሃምሳ በጋ ሙሉ ሸክላው ጣቷን ላሰው፣
እንደ አሞሌ ጨው፣ ከብት እንደጨረሰው።

ትምህርት ቤቱ የሷ ነው፤ ጤና ኬላው የሷ፤
እኔ ደሞዝ የምቀበልበት የባንኩ ግድግዳም የሷ።
አሻራውን ጥሎ አለፈ ይባላል፣ ለትልቅ ሰው፣
ሪባን ለቆረጠው።
እሷ ግን አሻራዋን ለከተማው ሰጥታ ጨረሰችው፤
ለራሷ ቅንጣት አላስቀረችው።

መመሪያው አለ፦ "አሻራ ካልሠራ
ቅጽ ይሞላ፣ ምስክር ይጠራ።"
ቅጹ ግን ከተማ ነው፤
ከተማው በአውቶብስ ነው፤
አውቶብሱ በገንዘብ ነው፤
ገንዘቡ ማሽኗ ውስጥ ነው።

"የሚቀጥለው" ልል ነበር። ፀሐይዋ በርትታለች።
እኔም የምበላው በ"ጢጥ" ቁጥር ነው፤ ዝምታ አይከፍልም።
ከኋላዋ የቆመው ሶምራይ፣ የከሰል ጫኙ አንካሳ፣
በትሩን መሬት መታና፣ "ሁሉንም ሞክርላት" አለ፤
"ፈጣሪ አንድ ጣት ብቻ አልሰጠም።"

ቀኝ እጅ፦ ዝም። ዝም። ዝም። ዝም። ዝም።
ግራ አውራ ጣት ዝም፤ ሌሎቹም ዝም።
የቀረችው ትንሿ ናት፣ የመጨረሻዋ፣
በልጅነት ተሰብራ ወደ ውስጥ የታጠፈችዋ፣
ጡብ ጨብጣ የማታውቅ፣
እህቶቿ ሲያልቁ ከዳር ሆና የምትስቅ።
ቀና አድርጌ መስታወቱ ላይ አስተኛኋት።

ጢጥ።

አወቃት መንግሥት፣
በዚያች ባልሠራችው፣ በዚያች በሥራ ፈት።

ሰዉ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም።
ውዝፉ አልመጣም፤ የዚህ ወር ብቻ ነው።
ቆጠርኩላት። ቆጠረችው። ደግማ ቆጠረችው፤
ለባለሱቁ ግማሹን በልቧ ከፈለችው።
ከዚያ ትንሿን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሳመቻት፤
"አንቺ ሰነፍ!" አለቻት፤
"ሃምሳ ዓመት በነጻ ያበላሁሽ ለካ ለዛሬ ነው!"

ማታ፣ ሒሳብ ላስረክብ ባንኩ በር ስደርስ፣
ከመስኮቱ ሥር፣ ልስኑ በተላጠበት፣
አንዲት ጡብ አየሁ፣ አውራ ጣት የታተመባት፣
ጭቃ ሳለች የነኳት፣ እሳት ያደረቃት።
የማን እንደሆነች እንጃ።
ግራ ቀኝ አይቼ፣ ጣቴን ከተትኩባት።

ሰፋችኝ።