ማን ነው ያንኳኳው?

እሁድ ስምንት ሰዓት፣ የካ አባዶ፣ ብሎክ መቶ ሃያ ሰባት፣
ዘቢደር ደረጃዬን ወጣች፣ ሽቶዋ ሁለት ፎቅ ቀድሟት፤
ባለ ተረከዙን ጫማ በፌስታል አንጠልጥላ፣
በእግሯ ነጠላ ጫማ፣ «ጭቃውን እስክናልፍ» ብላ።

ትኬቱን ከገዛን ሳምንት አልፎናል፤
ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከመብራት ደረሰኝ ጋር ታጥፎ ተኝቷል።
ባሌ ሳቀብን፦ «ለትያትር ነው ይህን ሁሉ መንገድ የምትሄዱት?
ከምድር ቤት የኮሚቴው ስብሰባ አለ፤ በነጻ እዩት።»

ሰልፉ ሰልፍ አይደለም፣ ራሱን የቻለ አገር ነው፤
ጫፉን ያየው የለም፣ ሁሉም የሚያውቀው የፊተኛውን ጀርባ ነው።
ታክሲ ብቅ ሲል ይቀልጣል፣ እሳት እንዳየ ቅቤ፤
ዘቢደር በክርኗ ገባች፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ፣ ተስቤ።

ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆነን፣
የማናውቀው ሰው የጎመን እስር ጭናችን ላይ አስቀምጦብን፣
ኮተቤ ላይ ቆምን። መንገዱ ተቆፍሯል።
«ትናንት ደህና ነበር» ይላል ሾፌሩ፣ ለራሱ ይምላል።

አስራ አንድ ሰዓት። መጋረጃው ተከፈተ፤ እኛ መገናኛ ነን።
አስራ አንድ ተኩል። እኛ አሁንም መገናኛ ነን።
ዘቢደር ጎንበስ ብላ ጫማዋን ቀየረች፣ እንደ ደረሰ ሰው፤
ተስፋ ማለት ለእሷ ተረከዝ ነው።

ስንገባ ጨለማ። አስተናጋጁ በባትሪ መራን፤
በሰው ጉልበት፣ በሰው እግር ላይ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያልን።
«ልጄ» አሉኝ አንድ አዛውንት፣ ቀስ ብለው፣
«የተቀመጥሽው ባርኔጣዬ ላይ ነው።»

መድረኩ ላይ አንድ ሰው ያለቅሳል፣
በእጁ የተቀደደ ደብዳቤ ይዟል።
ከማን? ስለ ምን? አዛውንቱን ብጠይቅ «እሽሽ!» አሉኝ።
ባርኔጣው፣ መሰለኝ፣ አልወጣላቸውም።

ግን እንዴት አለቀሰ! አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ፤
ምክንያቱን ሳላውቅ እንባዬ ጉንጬን ይዞ ተጓዘ።
ጎመኑን፣ ጉድጓዱን፣ የውሃውን ተራ ረሳሁ፤
የባንክ ውዝፍ የሌለበት ቤት ገባሁ።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ።
መድረኩ ላይ ያለው በር፣ ከጣውላና ከካርቶን የተሠራው።
ሰውየው ዞረ። ደብዳቤው ከእጁ ወደቀ።
ዘቢደር ጎኔን ጎሰመችኝ፦ «አንድ ተኩል አለፈ፤
አሁን ካልወጣን የአባዶ ታክሲ እጥፍ ይላል።»

ወጣን፣ እንደ ሌባ አጎንብሰን፣
በዚያው ጉልበት፣ በዚያው እግር፣ በዚያው ይቅርታ።

«ሚስቱ ናት» አለች ዘቢደር፣ ገና ሳንቀመጥ፣
«ደብዳቤውን ራሷ ጽፋ፣ ራሷ መጣች።»
«አይደለም፣ ወንድሙ ነው፣ ከእስር ተፈቶ።»
ከኋላ አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ፣ ትያትሩን በሕልማቸውም ያላዩ፣
«ወረቀት ከቀደደማ መጥሪያ ነው፤ ያንኳኳው ፖሊስ ነው» አሉ።
ረዳቱ በሩ ላይ እንደ ተንጠለጠለ፣
«ሂሳብ ወደዚህ! ሞቷል የተባለው አባቱ ነው» አለ።
ሾፌሩ ግን መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣
«ምን ታስጨንቁታላችሁ? ወር አልቋል፤ አከራዩ ነው!»
ታክሲው በሙሉ ሳቀ።
ኮተቤ ላይ ያው ጉድጓድ፤ ማንም ልብ አላለውም።

አባዶ ጨለማ ነው። መብራት የለም።
ዘቢደር ተረከዙን ወደ ፌስታሉ መለሰች፣
«ቻው፣ እንግዲህ» ብላ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተተች ሄደች፤
ከሩቅ ደግሞ፦ «ሚስቱ ናት! ነገ ታምኚኛለሽ!»

አራተኛ ፎቅ። በስልኬ ብርሃን ደረጃ ቆጠርኩ፤
ቁልፌን ፈልጌ፣ ጫፉ የተቀደደ ትኬት አገኘሁ።
አንኳኳሁ።

«ማን ነው?» አለ ባሌ ከውስጥ።
የወንበር መንሸራተት፣ ከዚያ የእግሩ ኮቴ፣ ከዚያ ዝምታ።
«ማን ነው?» አለ ደግሞ፣ ድምፁን ትንሽ ዝቅ አድርጎ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር።
ለአንዲት ትንፋሽ ያህል አቆየሁት።