አሻራ

በማርቆስ ጭቃ ላይ አንለይ ቀደመ፣
ከውሴታ ማዶ ከአንድ ደጃፍ ቆመ።
"አንዲት ክፍል አለች፣ ቆርቆሮዋ አዲስ፣
ቆጣሪዋ ለብቻ፣ ጣራዋ የማያፈስ።"

እትዬ ይመኙሻል ነጠላ እያጣፉ
ከጫማዬ እስከ አናቴ በዓይናቸው ገረፉ።
"ሥራህ?" "አናጢ ነኝ።" "ሚስት?" "የለችም።" "አገር?"
"ማቻክል።" እዚህ ድረስ ደህና ነበር ነገር።
ቀጥለው ግን አሉኝ፦ "ክፉ ዘመን መጣ፤
ከፖሊስ ጣቢያ ሂድ፣ አሻራህን አምጣ።
ሁለት ሴት ልጅ አለኝ፣ አባት የሌላቸው፣
የማላውቀውን ሰው አላስጠጋባቸው።"

አልፈረድኩባቸው። እኔም ልጅ ብወልድ
ሳልጠይቅ አልሰጥም ቁልፌን ለማንም ወንድ።
ግን ምን ይዤ ልምጣ? ወረቀቱ ሲወጣ
መናገሩ አይቀርም የድንበሩን ጣጣ፦
በአንድ ክንድ መሬት፣ በቡቃያ ጤፍ ላይ
አንድ ጊዜ ሽመል፣ አራት ዓመት ፀሐይ
ከሽቦ ጀርባ ያየሁት።

የመታሁት ይርሳው፣ ክንዱ ተጠግኖ፣
ካሣውን ተቀብሎ፣ ሽማግሌ አምኖ፣
ከአንድ ዋንጫ ጠጣን፣ አበልጅም ሆንን።
እሱስ ታረቀኝ፤ ወረቀቱ ግን
አልታረቀኝም።

"አዋጅ ወጥቷል" አለኝ አንለይ በሹክሹክታ፣
"እንደ ድሮው አይደል፣ ተከራይ አለው ጌታ፤
ብድግ ብሎ ማንም አያስወጣህ በኋላ።"
ጥሩ አዋጅ ነው፣ ደላላ።
ግን የገባን ሰው ነው ከመውጣት የሚያድን፤
እኔ ደጅ ቆሜያለሁ፤ ማን ያስገባኝ፣ ማን?

ይሄን ሳስብ እጄ በሩን ተደገፈ፣
ጣቴ መጋጠሚያው ጋ ሄደና አረፈ።
ዋንዛ ነው።
ሦስት ሽብልቅ ቀጥ ያሉ፣ አራተኛዋ ጠማማ፤
ዘቡ "ይብቃ፣ ግባ" ሲለኝ የመታኋት በጨለማ።

"እትዬ፣ ይህ በር ከየት ነው?" አልኳቸው።
"ከማረሚያ ቤት ነው። እጃቸው ይባረክ፣ ብረት ነው ሥራቸው።
ስድስት ክረምት አለፈው፣ አንድ ቀን አላስደነገጠን፤
ማታ ስቀረቅረው ነው እንቅልፍ የሚወስደን።"

ልናገር አልኩና ምላሴን ያዝኩት።
"አሻራህን ይዘህ ና" አሉኝና ዘጉት።
መወርወሪያው ሲገባ ቆሜ አዳመጥኩት፤
ምንም አልተንቋቋም።
ሥራዬ ነው።

ማካፋት ሲጀምር አንለይ ጃንጥላ ዘረጋ፤
"ሌላም ቤት አለ" አለኝ፣ "ከአብማ ማርያም ወዲያ ጋ።"