ሰሙ የት ገባ?

ኦታሲሊዮ መጣ፣ ጀልባውን አስሮ፣
ሁለት ዓሣ በገመድ በስንጥባቸው ቋጥሮ፣
የታፓዦስን ውሃ በጀሪካን ጨምሮ።
«ዳርሊ እጇ ይርዳል፤ ማንኪያ አይጸናላትም፤
ሐኪሙ ነርቭ ነው ይላል፣
ወንዙን ግን አልጠየቀም።»

ዡሳራ ተቀበለች፤ ቃል አልተነፈሰች።
ቤተ ሙከራዋ ጠባብ ናት፣ የጎማ መጋዘን የነበረች፣
መብራት ሲሄድባት፣ በጄኔሬተር ሳል ሥራ ትገፋለች።

ከጥፍር ያነሱ ዓሦች፣ ገላቸው መስታወት፣
ልባቸው ሲመታ ከውጭ የሚታይበት፣
በዚያ ውሃ አደሩ፣ ሁለት ቀን፣ ሁለት ሌሊት።
በሦስተኛው ቀን ጨመረች አንዲት ጠብታ፦
ውስጧ የተለጎመ ብርሃን፣
ባዜቃ ሲነካው ብቻ ልጓሙ የሚፈታ።

«ና እስቲ እይ» አለችው።
ዓይኑን አጉሊው ላይ ጣለ፤ ጨለማ ብቻ ነበረ፤
ኋላ ግን አረንጓዴ ጭላንጭል ከዓሣው ጉበት ጀመረ፣
ጀርባውን ይዞ ዘለቀ፣ ጭንቅላቱ ላይ አደረ።
«ሲያምር!» አለ፤ «አብሪ ጥንዚዛ መሰለኝ።»
«ባያምር ነበር ደጉ። እዚህ ቤት፣ እመነኝ፣
የምሥራች ማለት ጨለማ ነው፤
ይሄ የሚበራው መርዝ ያለበት ሥፍራ ነው።»

ከአጉሊው ቀና አላለም።
ወጣትነቱ ታየው፣ ከቁፋሮው አፋፍ፣
የወርቅ ብናኝና ባዜቃ በጨርቅ ሲጨምቅ፣
መጥበሻ ላይ ሲያነድ፣ ነጭ ጢስ ሲንሳፈፍ፣
ቢጫዋ ስትቀር፣ ከአተር ፍሬ ሳትልቅ።
ከሷ ነው ለዳርሊ ቀለበት ያሠራው።

በእኛ አገር ቅኔ ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁ ይወጣል፤
የቀለጠው ሰም የት ገባ ብሎ ማን ይጠይቃል?
ጢሱን ዝናብ አወረደው፣ ደለል ሸሸገው፣
ትል ከደለሉ በላ፣ ትሉን ዓሣ ዋጠው፣
ዓሣውን ዳርሊ፣ በሎሚና በጨው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ።
ዛሬ በአንዲት እንጭጭ ዓሣ አንጎል በርቶ
ሰሙ ስሙን ተናገረ፣ ልጓሙን ፈትቶ።

«ጠብታው ለሰው ይሆናል?»
«አይሆንም። ጸጉሯን አምጣልኝ፣ በሌላ መሣሪያ ነው የማየው፤
ከማጅራቷ በኩል፣ ከሥሩ ቁረጥ፤ በክር እሰረው።»

ማታ ከደጃፉ አስቀምጧት መቀስ አነሣ።
እጇ ጭኗ ላይ ይንቀጠቀጣል፤
ከከሳ ጣቷ ላይ ቀለበቷ ላልቶ ያበራል።
«ፋኖሱን አቅርበው፣ ጆሮዬን እንዳትቆርጠው» ብላ ሳቀች።
አልሰማትም መሰለኝ፤
ፋኖሱን ገፋ አድርጎ
ጸጉሯን ቆረጠ፣ በዳበሳ።