አርባ አንደኛው ደቂቃ

ስልኬን ከጉልበታቸው ፊት፣ ከበርጩማው ላይ አኖርኩ፣
ቀዩ ነጥብ ሲበራ «ስምዎን?» ብዬ ጀመርኩ።
«ይርገዱ ነኝ። ያባቴን ስም ቀበሌው ያውቀዋል፤
ዕድሜዬን ግን ተዪው፣ ስንቱ ተሳስቶ ጽፎታል።»

ከውጭ ዶዘር ያጓራል፤ መደርደሪያው ላይ ብርጭቆው ይንጫጫል።
እሱም አብሮ ተቀርጿል። ኋላ ላወጣው ሞክሬ ነበር፤
የሳቸውም ድምፅ ተከትሎ ሲወጣ ተውኩት።

ዶሮ ማነቂያ ነን፣ ከፒያሳ ቁልቁል።
በራቸው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር አለ፣
የጻፈው እጅ የቸኮለ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ቦኖ ውሃ ከፈትሁ፣ ቦኖ ውሃ ዘጋሁ፣
ቁልፉን እንደ ማተብ ካንገቴ አስሬ እያደርሁ።
እንስራው አምስት ሳንቲም፤ ለሌለው በዱቤ፣
ወረቀት አላውቅም፣ መዝገቤ ልቤ።
ሰው በፊቱ ይታወቃል ይላሉ፤ ውሸት ነው፣
እኔ ሰፈሩን ያወቅሁት በዕቃው ነው።
ድስት ይዞ የሮጠ እንግዳ ደርሶበታል፤
በሌሊት ያንኳኳች ወይ ወልዳለች፣ ወይ ሞቶባታል፤
ባልና ሚስት ሲኳረፉ ጀሪካናቸው ለየብቻ ይሰለፋል።»

ሳቁ። ስልኩ ሳቃቸውን በትንንሽ ተራሮች ሳለው።
ስለ አርመኑ ሰዓት ሠሪ ነገሩኝ፣
ስለ ዶርዜው ሸማኔ፣ ከውሃ ይልቅ ወረፋውን ስለሚወድ፣
ስንቱ በሰልፍ እንደተጫጨ፣ ስንቱ በሰልፍ እንደተካካደ።

«ከዚያ ሥልሳ ዘጠኝ መጣ።
የነጥሩወርቅ ቤት ሁለት ሰው ነው፣ እሷና እናቷ፤
አንድ እንስራ ይበቃት ነበር፣ ላንጀቷም ለቤቷ።
በኅዳር ሦስት ቀዳች። በማግሥቱም ሦስት።
አልጠየቅኋትም፤ የተጠማ አይጠየቅ።
ቆጥ ላይ ስንት እንደተኛ ግን ውሃው ነገረኝ፤
ሁለት ናቸው። አንዱ ቆስሏል፤
ለመጠጥ ሳይሆን ለማጠብ ነው የሚበዛው።
አንድ ማታ የቀበሌው ሰው መጣ፣
ጠመንጃውን ከቧንቧው አስደግፎ እጁን ታጠበ።
‹ይርገዱ፣ ሰሞኑን ውሃ ያበዛ ማነው?› አለኝ።»

ዝም አሉ።
ዶዘሩም ዝም ብሎ ነበር፣ ምሳ ሰዓት ነው መሰል።
ቁልፉን፣ የሚከፍተው የሌለውን ቁልፍ፣
በአውራ ጣታቸው አሹት፣ አሹት።
ከዚያ አንዲት ቃል፤
«አጥፊው»

ታዛዥ ልጅ ነኝ። አጠፋሁት።

ከዚያ ወዲያ ውሃ ሰጡኝ፣ በጣሳ፣ ሙሉ፤
እስክጨርሰው ዓይናቸውን አላነሱም።

ክረምቱ ሲገባ ሰፈሩ ተነሣ።
ለሳቸው ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው፤
ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚወጣበት።
ለመስቀል ልጠይቃቸው ብሄድ
በሩን የከፈተችልኝ ጥቁር የለበሰች ጎረቤት ናት።
ቁልፉ የት እንደገባ ለመጠየቅ አፈርኩ።

አሁን ሌሊት ነው፤ ጆሮዬ ላይ ይርገዱ አሉ።
እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ መልሼ እሰማለሁ፣
አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ስደርስ እቆማለሁ።
አጥፊው ሲሉ ስልኩን ነው? ይብቃኝ፣ ልረፍ፣ ማለት?
ወይስ ያልኩሽን ሁሉ ፋቂው፣ አይቆየኝ፣ ማለት?
ወይስ ነገር ጀምረው ነበር፣ ባለቤቱን ጠርተው፣
ማሰሪያው ሳይደርስ ጣቴ ቀድሞ ቆረጣቸው?
አጥፊው ማነው? የጠየቀው?
የመለሰው?
ወይስ ማንም ሳይልከው እንስራ የቆጠረው?

ቅጹ «ያልተሰማ ቃል ካለ ይመልከት» ይላል።
ተሰምቷል እኮ፣ ጥርት ብሎ።
ከቃሉ በኋላ፣ ከጣቴ በፊት፣ ግማሽ ሴኮንድ አለች፤
ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሳባል፣
ሊናገሩ ይሁን ሊያለቅሱ አይለይም።

አራት ነጥቡን ሳላኖር
ቀጣዩን ፋይል ከፈትኩ